የተራቆተና የጎረበጠ የደጅ ሳርን አስተካክሎ እንደገና መትከል

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ከጎረቤትም ከሩቅ ወዳጅም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «የደጃችን ሳር ቦታ ቦታው ተመላልጧል፣ መሬቱም ጎርበጥባጣ ሆኗል፤ አዲስ ሳር ገዝተን ብንተክልበት ይይዛል ወይ?» የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በቃል ስመልስ ሁልጊዜ ሳልናገረው የሚቀር ነገር ስለሚኖር፣ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል እዚህ አስፍሬዋለሁ። መመሪያው እንደ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ፒያሳና ቂርቆስ ባሉ የመሀል አዲስ አበባ ሰፈሮች ለሚገኙ፣ ከ20 እስከ 60 ካሬ ሜትር ለሚሆኑ ደጆች የተዘጋጀ ነው። ለስሌት እንዲመች ወርዱ 5 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ በድምሩ 40 ካሬ ሜትር የሆነ ደጅ በምሳሌነት እወስዳለሁ።

ለጥያቄው አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ ሳሩ የሞተው በምክንያት ነው፤ ምክንያቱ ሳይወገድ የተተከለ ሳር ክረምቱን ለምልሞ ይታይና ጥር ላይ ያው ቦታ ተመልሶ ይራቆታል። ስለዚህ አብዛኛው ድካም የሚውለው ሳሩ ከመተከሉ በፊት፣ በአፈሩ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ

ቁፋሮውንና ማስተካከሉን ግንቦት ውስጥ፣ ተከላውን ደግሞ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ያከናውኑ። አዲስ አበባ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ የተሞላው አፈር በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ተረግጦ ይቀመጣል፣ ሳሩም ሥር በሚሰድበት ወቅት ውሃ አያጣም። ነሐሴ ላይ የሚተከል ሳር ግን አፈሩ በውሃ ጠግቦ፣ ፀሐይም ጠፍታ ስለሚያገኘው ሥር ሳይሰድ የመበስበስ አደጋ አለበት። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ብርዳም፣ አየሩ ደረቅ በመሆኑ ሳሩ ቢተርፍም አይንቀሳቀስም። ክረምቱ ካመለጠዎት መጋቢትና ሚያዝያ ሁለተኛ አማራጭ ናቸው፤ ነገር ግን የበልግ ዝናብ ስለሚቆራረጥና ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የቧንቧው ቀን ከሳሩ ጥም ጋር ስለማይገጥም፣ በበርሜል ወይም በሮቶ የተጠራቀመ ውሃ ሳይኖርዎት አይጀምሩ።

ምክንያቱን መለየት

የተራቆተው ቦታ ቅርጽ ብዙ ይናገራል። ከበሩ እስከ ቤቱ መግቢያ እንደ መንገድ የተዘረጋ ከሆነ እግር የረገጠው ነው። ሁለት ትይዩ መስመሮች ከሆኑ የመኪና ጎማ ነው። ክብ ሆኖ መሀሉ ከሰል የመሰለ አፈር ካለበት ለመስቀል ደመራ የተለኮሰበት ወይም ለድግስ ድስት የተጣደበት ቦታ ነው። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ቆሞ ከነበረ፣ የእንጨቶቹ ጉድጓዶች በየሁለትና በየሦስት ሜትሩ ሰርጉደው ይታያሉ፣ በመካከላቸው ያለው መሬት ደግሞ በወንበርና በእግር ብዛት እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በልብስ ማጠቢያው አጠገብ የተላጠ ቦታ የሳሙናና የበረኪና ውሃ የሚደፋበት ነው። በአጥሩ ጥግ ወይም በጥድ ሥር ከሆነ ጥላ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ቀላል ሙከራዎችን ያድርጉ። አንደኛው፣ ዝናብ በጣለ ማግሥት ባለ 8 ፌሮ በእጅዎ ብቻ እየተጫኑ ወደ መሬት መክተት ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ሳይገባ ከቆመ አፈሩ ታምቋል ወይም ከሥሩ የግንባታ ፍርስራሽ አለ። ሁለተኛው፣ ጥልቀቱም ወርዱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት፣ ከሰረገ በኋላ እንደገና መሙላትና መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ውሃ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልሰረገ ችግሩ የውሃ ማቆር ነውና ማንኛውም ሳር ቢተከል ክረምት ላይ ይታፈናል። ጥቁር አፈር ያለበት ግቢ በዚህ ሙከራ ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ ሲረጥብ አብጦ ውሃ አያሳልፍም፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ የሳሩን ሥር ይበጥሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዶማ፣ አካፋ፣ ባለ ጥርስ ሬክ፣ የእጅ ጋሪ ወይም ባሬላ
- አንድ ሜትር ከሃምሳ ያህል ርዝመት ያለው ባለ 8 ወይም ባለ 10 ፌሮ
- ችካሎች፣ ሲባጎ፣ ሜትር
- 10 ሜትር የሚሆን፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ፤ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ነው
- ሁለት ሜትር ያህል የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም የግንበኛ ስታጃ
- የአፈር ወንፊት
- በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፤ ለ40 ካሬ ሜትር በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 1 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በ20 ሊትሩ የቀለም ባልዲ 50 ባልዲ
- ለሙሌት የሚሆን የላይኛው ለም አፈር፤ መጠኑ እንደ ጉድጓዱ ይወሰናል
- የሳር ቁራጭ፤ 40 ካሬ ሜትር ሙሉ በሙሉ የሚተከል ከሆነ ወደ 1,800
- ጥቂት የጤፍ ጭድ
- የእጅ ጓንትና ወፍራም ሶል ያለው ጫማ

የሙሌት አፈሩን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። በአሁኑ ጊዜ በየአካባቢው ሕንፃ ስለሚቆፈር፣ የመሠረት ቁፋሮ አፈር በነፃ ወይም በርካሽ ይቀርብልዎታል። አይቀበሉ። ከጥልቅ የወጣ አፈር ብስባሽ የሌለው፣ ሲረጥብ የሚለጠፍ፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ የሚጠነክር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሲሚንቶና ብረት ይቀላቀልበታል። እኔ ራሴ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ አፈር ተቀብዬ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ደልድዬ ሳር ተክዬበት፣ ሁለት ክረምት ካለፈም በኋላ የሳሩ ሥር ከሁለት ጣት በላይ ወደ ታች አልወረደም ነበር፤ በመጨረሻ ሁሉንም ጠርጌ አውጥቼዋለሁ። ጥሩ የሙሌት አፈር በእጅ ሲጨበጥ ይያያዛል፣ በጣት ሲነካ ደግሞ ይፈረፈራል።

የሳሩ ምርጫ

ለመሀል ከተማ ደጅ የሚበዙት ሁለት ናቸው። ሰርዶ ቅጠሉ ቀጭን፣ መረገጥንና ድርቀትን የሚችል ነው፤ ጥላ ግን አይችልም። ኪኩዩ የሚባለው ወፍራም ሳር የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ስለሆነ የአዲስ አበባ አየር ይስማማዋል፣ የተራቆተ ቦታንም በፍጥነት ይሸፍናል፤ በአንጻሩ ካልታጨደ ወደ አበባ መደብና ወደ ንጣፍ ስንጥቅ ይገባል። ሰዎች የሚያልፉበትና ቀኑን ፀሐይ የሚያገኘውን ደጅ ለሰርዶ፣ ቶሎ መሸፈን ያለበትን ተዳፋት ለኪኩዩ ይስጡ። ቀድሞ የነበረውን ሳር በከፊል የሚያስቀሩ ከሆነ ግን ያንኑ ዓይነት ይትከሉ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ኪኩዩ ሰርዶውን እየዋጠ ደጁ ዝንጉርጉር ይሆናል። በቀን ከአራት ሰዓት ያነሰ ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ላይ ሁለቱም አይበረክቱምና ያን ቦታ ለጥላ ተክል ወይም ለድንጋይ ንጣፍ ይተዉት።

አሠራር

1. ከመሬት በታች ያለውን ይወቁ። ከውሃ ቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ በደጁ ሥር ያልፋል፤ በቆዩ ግቢዎች ደግሞ አንድ ክንድ እንኳ ሳይጠልቅ ይገኛል። የመብራት ገመድ፣ የፍሳሽ ቱቦና የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን ያሉበትንም ጠይቀው በችካል ምልክት ያድርጉ። ማስጠንቀቂያ፦ ምልክት በተደረገበት መስመር ላይ በዶማ አይቆፍሩ፤ በአካፋ ቀስ ብለው ይግለጡ። የጉድጓዱን ክዳንም በአፈር አይሸፍኑ፣ የሚመጠጥበት ቀን ይመጣልና።

2. አረሙንና የሞተውን ሳር ያስወግዱ። ማጌትና ጎርጠብ በእጅ ይነቀላሉ። እንግጫ ግን ከላይ ሲጎተት ተበጥሶ ከሥር ያለው ፍሬው ስለሚቀር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ፍሬውን ይልቀሙ፤ አንድ የቀረ ፍሬ በክረምቱ ውስጥ ብዙ ይሆናል። የተነቀለውን ግቢው ጥግ ላይ ከመከመር ይልቅ በማዳበሪያ ከረጢት አሥረው ያውጡት።

3. የታመቀውን አፈር ይፍቱ። የተራቆቱትን ቦታዎች 15 ሳንቲ ሜትር ያህል በዶማ ይቆፍሩ፣ ድንጋይ፣ የሲሚንቶ ቁራጭ፣ ሚስማርና ሽቦ ይልቀሙ። ደመራ የነደደበት ቦታ ላይ አመዱንና የተቃጠለውን አፈር እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አውጥተው ይጣሉ፤ አመድ ሲበዛ አፈሩን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚያደርገው ሳሩ ምግብ እያለ ይራባል። ሳሙና የሚደፋበትም እንዲሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማጠቢያ ውሃው ሌላ መውጫ ካልተበጀለት ግን ሥራው በከንቱ ይቀራል። ሳሩ ያልሞተበትን፣ ግን የጠጠረውን ቦታ መቆፈር አያስፈልግም፤ ፌሮውን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እየከተቱና እያወዛወዙ ቀዳዳ ማብዛት ይበቃል። አፈሩ ለቁፋሮ መድረሱን ለማወቅ ጥቂት ቆንጥረው በመዳፍዎ መካከል ያሹት፤ እንደ እርሳስ ቀጭን ሆኖ ሳይሰበር ከተጠቀለለ ገና እርጥብ ነውና ቀናት ይጠብቁ። እርጥብ ጥቁር አፈር ሲቆፈር የሚወጣው ጓል በፀሐይ ደርቆ በዶማ ጭምር አይፈርስም። ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ጓንትና ያለ ጫማ አይሥሩ፤ የዛገ ሚስማር የወጋውና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልወሰደ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

4. ተዳፋቱን ይለኩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የደጅ ሳር ማስተካከል ማለት እንደ ቤት ወለል ለጥ ማድረግ አይደለም፤ ለጥ ያለ ሳር ላይ የሐምሌ ዝናብ ይተኛበታል። የሚፈለገው ጉብታና ስርጉድ የሌለው፣ ነገር ግን ከቤቱ እየራቀ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ መሬት ነው። በምሳሌው ደጅ፣ ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ ባለው 8 ሜትር ውስጥ ልዩነቱ 16 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። በቤቱ ግድግዳ አጠገብ አንድ ችካል፣ በአጥሩ አጠገብ ሌላ ችካል ይትከሉ። በመጀመሪያው ችካል ላይ፣ መሬቱ በመጨረሻ እንዲደርስ ከሚፈልጉት ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው መስመር ያስምሩ። ቀጭኑን ጎማ በውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ከመስመሩ ጋር ያስተካክሉ፤ ረዳትዎ ሌላውን ጫፍ በሁለተኛው ችካል ላይ ይዞ ውሃው መወዛወዙን እስኪያቆም ይጠብቅና የቆመበትን ቦታ ምልክት ያድርግ። ከዚያ ምልክት 16 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ለክተው ሲባጎውን በሁለቱ መካከል ወጥረው ያስሩ። አሁን ሲባጎው ራሱ የተዳፋቱን መስመር ይዟል፤ በየትኛውም ቦታ ከሲባጎው እስከ መሬቱ 20 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። በጎማው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ካለች ልኩ ይዋሻልና፣ ከመለካትዎ በፊት ጎማውን ከዳር እስከ ዳር በዓይንዎ ይከተሉት። ሲባጎውን በየአንድ ሜትር ተኩሉ እየወሰዱ ይድገሙት።

የመንገዱ ከፍታ ከግቢው የሚበልጥ ከሆነና ውሃው ወደ ቤቱ የሚመጣ ከሆነ፣ ተዳፋቱን ወደ በሩ ለማስኬድ አይታገሉ፤ ወደ ጎን አዙረው በአጥሩ ሥር ወደ መውጫ የሚወስድ ቦይ ያውጡለት። በማንኛውም ሁኔታ የአፈሩ ከፍታ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ እርጥበቱ በግድግዳው ይወጣል።

5. ጉብታውን ይቁረጡ፣ ስርጉዱን ይሙሉ። ስርጉዱ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥና በላዩ ጤነኛ ሳር ያለበት ከሆነ፣ የተነፋ አፈርና ኮምፖስት እኩል ደባልቀው ከላይ ይነስንሱ፤ የሳሩ ጫፍ እስከታየ ድረስ ሰንጥቆ ይወጣል። ከዚያ የሚበልጠውን በአንድ ጊዜ ከሞሉት ሳሩ ብርሃን አጥቶ ይሞታል። ለጥልቅ ስርጉድ፣ ሳሩን ከነሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ቁራሽ ቆርጠው እንደ ክዳን ያንሡ፣ ሥሩን ሞልተው መልሰው ይክደኑት። ባዶውን መሬት ደግሞ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ንብርብር ይሙሉ፤ እያንዳንዱን ንብርብር በጠፍጣፋ እግር ረግጠው ውሃ ያርከፍክፉበት። በአንድ ጊዜ የተቆለለ አፈር ከላይ የረጋ ይመስልና ከሁለት ዝናብ በኋላ መሀሉ ይሰረጉዳል። የድንኳን እንጨት ጉድጓዶችን ለብቻቸው፣ በእንጨት እየጠቀጠቁ ይሙሏቸው፤ ከላይ ብቻ ከተደፈኑ እግር የሚሰብር ወጥመድ ይሆናሉ።

6. ፍጉን ይደባልቁ። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖስት ወይም የበሰበሰ ፍግ አልብሰው ከላይኛው 10 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ያዋሕዱ። የበሰበሰ ፍግ ጠቆር ያለ፣ ሲነካ የማይሞቅ፣ የዝናብ መሬት የሚሸት ነው፤ አፍንጫን የሚሰነፍጥ ከሆነ ገና ነውና ሥሩን ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ጥቁር አፈር ላለው ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ አሸዋ ጨምረው ለማላላት አይሞክሩ። ጥቂት አሸዋ በጥቁር አፈር ውስጥ ሲገባ ከማላላት ይልቅ ያጠነክረዋል፤ የሚያላላው ብስባሽ ብቻ ነው።

7. ያስረግጡና ያስቀምጡ። ጣውላውን በመሬቱ ላይ እየጎተቱ ከፍ ያለውን ይላጩ፣ ከሥሩ ብርሃን የሚታይበትን ቦታ ይሙሉ። እስከ ግማሹ ውሃ የተሞላ በርሜል አንድ ጊዜ ማንከባለል በቂ ነው፤ ሲራመዱበት የጫማዎ ምልክት ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ካልጠለቀ ደርሷል። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ቀን ይተዉት። ይህን ዕረፍት መዝለል የሚያጓጓ ነው፣ ሳሩ ተገዝቶ ከቆየ ደግሞ ይብሳል፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ አፈሩ የሚሰረጉድበትን ይሰረጉዳል፣ የተደበቀ አረም ይበቅላል፣ ሁለቱንም ሳሩ ሳይኖር ማረም ቀላል ነው። ስለዚህ ሳሩን የሚገዙት ከዕረፍቱ በኋላ ይሁን።

8. ይትከሉ። ከሳሩ የሚጠቅመው መሬት ለመሬት የሚሳበው ግንድ ነው። አንዱን አንሥተው ቢያዩት በየአንጓው ጤፍ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች፤ ሥር የሚወጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ሊኖረው ይገባል። በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው መስመሮች ያውጡ፤ ተዳፋቱን ተሻግረው ቢሄዱ ጎርፉን ይሰብራሉ። ቁራጮቹን በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አጋድመው፣ ቢያንስ አንድ አንጓ ከአፈር በታች፣ ቅጠል ያለው ጫፍ ከላይ እንዲሆን ይቅበሩ፣ በዙሪያውም በእግር ጣትዎ ይጫኑ። አየር በያዘ ቀዳዳ ውስጥ ያለ አንጓ ውሃ እያለ ይደርቃል። የተገዛው ሳር በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ እስኪተከል ድረስ በእርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያኑሩት፣ ትንሽ ትንሽ እያወጡም ይጠቀሙ። ከሰዓት በኋላ ወይም ደመናማ ቀን ይመረጣል። ሲጨርሱ አፈሩ በጭዱ መካከል እስኪታይ ድረስ ብቻ ስስ የጤፍ ጭድ ይበትኑ፤ የክረምት ዝናብ ጠብታ ባዶ አፈርን እየደበደበ ላዩን እንዳይለስን ይከላከላል።

9. ያጠጡ። ዝናብ በሌለባቸው ቀናት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር እንዳይደርቅ ጠዋትና አመሻሽ ላይ በርከፍከፍ ያድርጉ፤ የጎማው ግፊት ቁራጮቹን እንዳይነቅል ጫፉን በጣትዎ ይበትኑት። ሥር ከያዘ በኋላ ግን ልማዱን ይለውጡ፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በጥልቀት። በበጋ 40 ካሬ ሜትር በሳምንት ወደ 800 ሊትር፣ ማለትም አራት በርሜል ይፈልጋል፤ ይህን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢያደርጉት ሥሩ ላይ ላዩን ይቀርና ውሃ በጠፋበት ሳምንት ሳሩ አብሮ ይጠፋል።

10. የመጀመሪያውን አጨዳና ማዳበሪያ ያድርጉ። ሳሩ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ በተሳለ ማጭድ ወይም በማሽን ሲሶውን ብቻ ይቁረጡ፤ ጫፉ ሲቆረጥ ወደ ጎን መሳብ ይጀምራል፣ ባዶውም የሚሸፈነው በዚህ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ዩሪያ፣ ለምሳሌው ደጅ 400 ግራም፣ ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን በትነው ወዲያው ያጠጡ። በእርጥብ ቅጠል ላይ የተጣበቀ ዩሪያ ያቃጥላል፤ በተተከለ በሳምንቱ የተበተነ ዩሪያ ደግሞ ሥር ስለሌለ ለጎረቤት ቦይ ነው የሚሄደው።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከሁሉም የሚበዛው በችኮላ መርገጥ ነው። አዲሱ ሳር ቢያንስ ለስድስት ሳምንታት ሰው አይሂድበት፤ በሲባጎ ይከልሉት፣ ለልጆችም አስቀድመው ይንገሩ። ሰዎች የግድ የሚያልፉበት መስመር ካለ ሳሩ እንዲሸከመው አይጠብቁ፤ በእርምጃ ልክ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይቅበሩ፣ ላያቸውም ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን፣ የማጨጃ ማሽን ያለ ችግር እንዲያልፍበት።

ሁለተኛው፣ ሐምሌ ላይ ውሃ የቋጠረ ቦታ ሲታይ በላዩ አፈር መድፋት ነው። ጭቃ ላይ የተደፋ አፈር ሥሩን ያፍናል፤ ለጊዜው በፌሮ ቀዳዳ ያብዙበት፣ ከዳሩ ጠባብ ቦይ ከፍተው ያስወጡት፣ ሙሌቱን ለመስከረም ያቆዩት።

ሦስተኛው፣ ያልያዙትን ቁራጮች ቶሎ መንቀል ነው። ቅጠሉ ቢደርቅም አንጓው ሕያው ሊሆን ስለሚችል እስከ አራተኛው ሳምንት ይጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ አረንጓዴ ያልታየባቸውን ቦታዎች ከራሱ ከደጁ በሚወሰድ ቁራጭ ይተኩ። ለዚህ ሲባል በተከላው ቀን የተረፈውን ሳር አይጣሉ፤ በአንድ ባልዲ አፈር ውስጥ ተክለው ጥግ ላይ ያቆዩት።